ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፦ በጣልያን ወረራ ዘመን ስለነበሩት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ የተፈጸሙት ነገሮች በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ በአሜሪካ የተፈጸሙት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተጽፈዋል።

ጆን ሮቢንሰን ማን ናቸው?

ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ የአገሪቱን ንጉሠ ነገሥታዊ አየር ኃይል የመሩ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ናቸው። የተወለዱት በፍሎሪዳ ግዛት በምትገኘው በካራቤል ሲሆን፣ ያደጉት ግን በሚሲሲፒ ግዛት በገልፍፖርት ከተማ ነው። ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለይተው የሚኖሩበት ስለነበር፣ አንድ ጥቁር ወጣት አውሮፕላን ለማብረር እንደሚፈልግ ቢናገር ከነጮችም ሆነ ከገዛ ወገኖቹ ብዙ ማበረታቻ አይጠብቅም ነበር።

የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች «ቡናማው ኮንዶር» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸዋል፤ ኮንዶር በአሜሪካ ምድር ተራሮች ላይ የሚኖር ትልቅ ጥንብ አንሣ ነው። በኢትዮጵያ ግን ይበልጥ የሚታወቁት በማዕረጋቸው፣ ኮሎኔል ሮቢንሰን በመባል ነው።

አውሮፕላን ማብረር የት ተማሩ?

መጀመሪያ የተማሩት መኪና መጠገን ነው። በአላባማ ከሚገኘው ከታስኪጊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1924 በአውቶ መካኒክነት ተመርቀው፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ተጉዘው ቺካጎ ገቡና የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በከተማዋ የነበረው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ ስለማይቀበል፣ ሮቢንሰን በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ገቡ፤ መጥረጊያቸውን ይዘው በትምህርት ሰዓት ክፍል ውስጥ እየቆዩ መምህሩ የሚናገረውን ያዳምጡ ነበር። ኋላ ከወዳጃቸው ከኮርኒሊየስ ኮፊ ጋር በተማሪነት ተመዝግበው እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ፤ ትምህርት ቤቱም ጥቁር ተማሪዎችን ለብቻቸው እንዲያስተምሩለት መልሶ ቀጠራቸው።

ፈቃዱ ቢገኝም የሚነሡበት ሜዳ አልነበረም። በአካባቢው ያሉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ስለማያስተናግዷቸው፣ ሁለቱ ወዳጆች «ቻሌንጀር» የተባለ የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ሮቢንስ በተባለችው የጥቁሮች መንደር ዛፍ እየቆረጡና ድንጋይ እየለቀሙ የራሳቸውን መንደርደሪያ ሠሩ። ከማኅበሩ አባላት አንዷ የነበሩት ነርስ ጃኔት ብራግ ከደመወዛቸው ቆጥበው አውሮፕላን ገዝተዋል። የአውሮፕላን መጠለያውን ከጊዜ በኋላ ማዕበል ያፈረሰው ቢሆንም፣ ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አውሮፕላን ማስነሣትን ሮቢንሰን የለመዱት በዚያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከማብረር ችሎታቸው ባልተናነሰ የጠቀማቸው ይህ ልምድና የመካኒክነት እጃቸው ይመስለኛል።

ወደ ኢትዮጵያ ማን አመጣቸው?

ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ዶክተር መላኩ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ሲሆኑ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑ፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነው ብለው የሚያምኑና በዚህም እምነት ለአገራቸው ባለሙያ የሚያፈላልጉ ሰው ነበሩ። የጥቁር አሜሪካውያን ዜና ወኪል ኃላፊ የነበሩት ክሎድ ባርኔት ሮቢንሰንን ስላወቋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ላይ ሁለቱን አገናኟቸው።

ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብለው አዲስ አበባ የደረሱት በግንቦት 1927 ዓ.ም. ነው። በኦጋዴን በኢትዮጵያና በጣልያን ወታደሮች መካከል የወልወል ግጭት ከተነሣ ገና ግማሽ ዓመት መሙላቱ ነበር፤ ጣልያን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ጦሯን እያከማቸች ስለነበር፣ የሚመጣው ነገር ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

ያኔ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምን ይመስል ነበር?

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ ተከተለ። በ1922 እና በ1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ለብቻቸው አውሮፕላን ያበረሩ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሮቢንሰን ሲደርሱ፣ ማለትም የመጀመሪያው አውሮፕላን ከገባ ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ አየር ኃይሉ ከደርዘን እምብዛም የማይበልጡ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው የቆሙ ነበሩ። በአንጻሩ ጣልያን በዚያ ጦርነት በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፋለች።

ከቁጥሩ ማነስ ሌላ የመሬቱ ከፍታም ራሱን የቻለ ጠላት ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚሸከመው አየር ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም መንገድ ይሮጣል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ አብራሪው ሁልጊዜ ከነዳጅ ወይም ከጭነት አንዱን መቀነስ ነበረበት። ጥር 2016 ዓ.ም. ከጣልያን የተመለሰችው «ፀሐይ»፣ በኢትዮጵያ የተሠራችው አውሮፕላን፣ የተሠራችውም በዚሁ በችግር ዘመን እንደሆነ ልብ ይሏል።

በጦርነቱ ጊዜ በትክክል ምን ይሠሩ ነበር?

በዋናነት መልእክተኛ ነበሩ። ዛሬ ይህ ቃል ሥራውን ያሳንሰው ይሆናል፤ ነገር ግን የጦር ግንባሩ ከአዲስ አበባ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ መንገዱ በበቅሎ ሳምንታት እየወሰደ፣ የስልክ መሥመሩ በየቦታው እየተቆረጠና የሬዲዮ መልእክትን ጠላት እየጠለፈው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከን ደብዳቤ በዚያው ቀን ለራስ ሥዩም ወይም ለራስ ካሳ ማድረስ የሚችለው አውሮፕላን ብቻ ነበር። ሮቢንሰን መልእክት ከማመላለስ በተጨማሪ ባለሥልጣናትን ያጓጉዙ፣ መድኃኒት ያደርሱ፣ የጠላትን እንቅስቃሴም ከአየር ይቃኙ ነበር።

ጦርነቱ በተከፈተበት ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሮቢንሰን ዓድዋ ነበሩ። ጣልያን በ1888 ዓ.ም. የተሸነፈችበትን ቂም ልትወጣ የመጀመሪያዎቹን ቦምቦች ከጣለችባቸው ከተሞች አንዷ ያች ከተማ ናት። ሮቢንሰን ሕዝቡ ከቤቱ እየወጣ ሲሸሽ አይተዋል፤ ድብደባውን ከመሬት ሆነው ካዩት ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ስለነበሩም የተናገሩት ወደ አሜሪካ ጋዜጦች ደርሷል። ከዚያ የያዙትን መልእክት ይዘው ወደ አዲስ አበባ በረሩ።

በረራው ራሱ እንዲህ ነበር። ፖቴዝ 25 ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ፣ መቀመጫው ጣራ የሌለው አውሮፕላን ነው፤ አብራሪው ከአንገቱ በላይ ነፋስ እየመታው፣ ዓይኑን በመነጽር ጋርዶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ቅዝቃዜ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። አብዛኛው የኢትዮጵያ መሬት በአስተማማኝ ካርታ ስላልተነሣ መንገዱን የሚያውቀው በወንዝ፣ በአምባና በገደል ቅርጽ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ጣልያን ካሰለፈቻቸው ቦምብ ጣዮች ሳቮያ ማርኬቲ 81 የተባለው ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። ቦምብ ጣዩ ከፈጠነው ሮጦ ማምለጥ አይታሰብም፤ የሚቀረው ሸለቆ ለሸለቆ ዝቅ ብሎ መብረር ወይም ደመና ውስጥ መግባት ነው፤ ደመና ውስጥ መግባት ደግሞ ተራራ በሞላበት አገር ሌላ ሞት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ ካዛወሩ በኋላ የሮቢንሰን ምልልስ በዚያ መሥመር ላይ በረታ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ድንኳኖችም ተመቱ፤ ግርማዊነታቸው በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ የሚያሳየው የታወቀ ፎቶግራፍ የዚያን ወቅት ያስታውሳል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጣልያን የሰናፍጭ ጋዝ በአውሮፕላን መርጨቷን ቀጠለች። ሮቢንሰን በጋዝ እንደተጎዱና እንደቆሰሉም የጊዜው ጋዜጦች ጽፈዋል። መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ አየር ኃይሉ የሚባል ነገር አልተረፈም፤ ሮቢንሰን ጠላት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብለው ከአገር ወጡ።

ሁበርት ጁሊያን ከሚባለው አብራሪ ጋር አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ሁለቱ ዘወትር ይምታታሉ። ሁበርት ጁሊያን የትሪኒዳድ ተወላጅ ሲሆኑ «የሃርለም ጥቁር ንስር» በመባል ይታወቁ ነበር። ከሮቢንሰን አምስት ዓመት ያህል ቀድመው ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሲሆን፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለሚከበረው የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ የንጉሡን ተወዳጅ አነስተኛ አውሮፕላን ይዘው ተነሥተው ከሰከሱ፤ አገር ለቀው እንዲሄዱም ተደረገ።

በ1927 ዓ.ም. ተመልሰው ሲመጡ ከሮቢንሰን ጋር አዲስ አበባ ተገናኙና ነገሩ በቡጢ እስከ መደባደብ ደረሰ። ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት፤ በመጨረሻ ጁሊያን ከአየር ኃይሉ ሲርቁ ሮቢንሰን በኮሎኔልነት ማዕረግ አዛዥ ሆኑ። ጁሊያን ዝናን ሮቢንሰን ደግሞ ሥራን ይወድዱ ነበር ማለት ትንሽ የተጋነነ ቢመስልም፣ ብዙም ከእውነት አይርቅም።

ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ለምን አልመጡም?

ፍላጎት ስላልነበረ አይደለም። በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በሌሎች ከተሞች ለኢትዮጵያ ለመዋጋት የተመዘገቡ በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ አሜሪካዊ በአገሩ ምድር ለውጭ ጦር እንዳይመለመል የሚከለክል አሮጌ ሕግ ነበር፤ በነሐሴ እ.ኤ.አ. 1935 ደግሞ የገለልተኝነት ሕግ ወጣና መንግሥት ፈቃደኞችን ማስጠንቀቅ ጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ለመጓጓዣና ለደመወዝ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። ሮቢንሰን ሕጉ ከመውጣቱ ሦስት ወር ቀድመው በመነሣታቸው አመለጡ።

ከጦርነቱ በኋላ ምን አጋጠማቸው?

በግንቦት እ.ኤ.አ. 1936 ኒው ዮርክ ሲደርሱ እንደ ጀግና ነው የተቀበሏቸው፤ ቺካጎም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣላቸው። እርሳቸው ግን በዝናው ተጠቅመው በቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮችን ሲያሠለጥኑ ቆዩ።

ተመልሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል? የት ሞቱ?

አዎን። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው ተመለሱና አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ወጣት ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ጀመሩ። ይህ ሁለተኛው ምዕራፍ ከጦርነቱ ዘመን ይልቅ ረጅም ቢሆንም የሚነገርለት በጣም ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን አዲስ አበባ አደረጉ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ያበርሩት የነበረ አነስተኛ አውሮፕላን ተከስክሶ ክፉኛ ተቃጠሉ፤ ከቀናት ሕክምና በኋላም መጋቢት 18 ቀን አርፈው በአዲስ አበባ ተቀበሩ።

የጣልያን አውሮፕላን መትተው ጥለዋል? «ተዋጊ አብራሪ» መባላቸው ትክክል ነውን?

የጣልያን አውሮፕላን ጥለዋል የሚለው በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው የሚዞር ወሬ ነው፤ ማስረጃ የለውም። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት በአየር ላይ የሚዋጋ ኃይል አልነበራትም። ያሏት አውሮፕላኖች ለመልእክት፣ ለማጓጓዣና ለሥልጠና የዋሉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ በአሠራራቸው መትረየስ ሊሸከሙ የሚችሉ ቢሆኑም፣ በእነዚያ ከጣልያን ተዋጊዎች ጋር መግጠም ያለችውን አንዲት አውሮፕላን ከእነ ደብዳቤዋ ማጣት ነበር። ሮቢንሰን ይህን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ሥራቸው መዋጋት ሳይሆን ከውጊያ ማምለጥ ነበር።

ስለዚህ የጦርነት አብራሪ፣ የጦር አዛዥም ነበሩ፤ በተለመደው ትርጉም ተዋጊ አብራሪ ግን አልነበሩም። እንዲህ ማለት ክብራቸውን የሚነካ የሚመስላቸው አንባቢዎች አሉ። የእኔ አስተያየት ተቃራኒው ነው፤ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ሲያሳድዱት መልሶ ይተኩሳል፣ ሮቢንሰን ግን ወራት ሙሉ የሚታደን አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ምንም ሳይተኩሱ ተመላልሰዋል። ያልተፈጸመ ድልን መጨመር ይህንን ይሸፍነዋል እንጂ አያጎላውም።

«የታስኪጊ አብራሪዎች አባት» መባላቸውስ?

የታስኪጊ አብራሪዎች የሚባሉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በታስኪጊ የሠለጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን የጦር አብራሪዎች ናቸው። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1934 የተመረቁበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ከጓደኞቻቸው ጋር ከቺካጎ ወደ ታስኪጊ በረው፣ ተቋሙ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ጠይቀዋል። በመንገድ ላይ በአላባማ በዲኬተር ከአውሮፕላኖቻቸው አንዱ ተከስክሶባቸው ነበር። ተቋሙ በወቅቱ ሐሳቡን አልገፋበትም።

ታስኪጊ አብራሪ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል አብራሪዎች ሥልጠና ገንዘብ መመደብ ሲጀምር ነው፤ የጦር አብራሪዎች ሥልጠና የተጀመረው ደግሞ በ1941 ነው። በዚያ ሥራ ሮቢንሰን አልነበሩበትም። ይሁንና አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የአንድን አገር አየር ኃይል መርቶ መመለሱ «ጥቁር ማብረር አይችልም» ለሚሉት ሁሉ ከባድ መልስ ሆኖባቸዋል። ኮርኒሊየስ ኮፊና አብራሪዋ ዊላ ብራውን በቺካጎ ያሠለጠኗቸው ወጣቶችም እንዲሁ ለዚያ ጎዳና መጥረግ ድርሻ ስላላቸው፣ «አባት» የሚለው ነጠላ ማዕረግ ሌሎችን ያስረሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው? ከስዊድናዊው ካውንት ቮን ሮዘን ጋርስ ምን ተፈጠረ?

አየር መንገዱ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ባደረገው ስምምነት ነው። የመጀመሪያው መደበኛ በረራም መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደርጓል። በዚህ ስምምነት ውስጥ ሮቢንሰን መሥራች አይደሉም፤ «አየር መንገዱን መሠረቱ» የሚሉ ጽሑፎች የአየር ኃይሉን ሥልጠናና የአየር መንገዱን ታሪክ እየደባለቁ ነው። የሮቢንሰን ድርሻ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድመው፣ በረራና ጥገና ኢትዮጵያዊ ሊይዘው የሚችል ሙያ መሆኑን በክፍል ውስጥና በሜዳ ላይ ማሳየታቸው ነው።

ቮን ሮዘን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ የቆሰሉትን ያነሡ፣ በኢትዮጵያ ወዳጅነታቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። የአየር ኃይሉ ሥልጠና በስዊድናውያን እጅ ገብቶ በቢሾፍቱ ሲደራጅ ኃላፊነቱ ለእርሳቸው ተሰጠ፤ ቀድሞ አዛዥ የነበሩት ሮቢንሰንም በዚህ ደስ አልተሰኙም። በ1939 ዓ.ም. ሁለቱ ተጣልተው ነገሩ እስከ ድብድብ ደረሰ፤ ሮቢንሰንም ተከሰሱ፣ በአየር ኃይሉ የነበራቸው ቦታም በዚሁ አበቃ። ከሁለቱ አንዱን ቅዱስ ሌላውን ርጉም ማድረግ ለጸሐፊ ይቀላል፤ እውነቱ ግን ሁለቱም ለዚህች አገር የሞቱ መሆናቸው ነው። ቮን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ውስጥ በሶማሊያ ወገን ጥቃት ተገድለዋል።

አየር መንገዱን በተመለከተ፣ ለረጅም ጊዜ በአብራሪነት መቀመጫ ላይ የነበሩት አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የዋና አብራሪነቱን ቦታ የያዙት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ሮቢንሰን ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።